ድንጋይ ለማስለቀም፣ ድንጋይ ለማስመለስ

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማህበሩ ሂሳብ ሠራተኛ ስለ ጦስኝ መደባችን ያቀረበችው ንግግር፤ ነሐሴ 2011 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን)



እኔ እዚህ ፊት ስቆም የምትጠብቁት ገቢና ወጪ ነው። እሱን ቅድም አንብቤያለሁ። አሁን የቆምኩት ስለ ጦስኝ መደባችን እንድናገር ሰብሳቢያችን ስላዘዙኝ ነው። «እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ተክል ምን አውቃለሁ?» ብላቸው፣ «ወጪውን የመዘገብሽው አንቺ፣ ጥፋቱንም የምታውቂው አንቺ፤ ሌላ ማን ይናገር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ከመዝገባችን ልጀምር። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ አንድ የወጪ ሰነድ አለ። ምክንያቱ «ለመደብ ዝግጅት ድንጋይ ለማስለቀም ለቀን ሠራተኛ የተከፈለ» ይላል። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ደግሞ ሌላ የወጪ ሰነድ አለ። ምክንያቱ «ለመደብ ዝግጅት ድንጋይ ለማስመለስ ለቀን ሠራተኛ የተከፈለ» ይላል። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። ሁለቱንም ሰነዶች ያዘጋጀሁትና የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሂሳባችንን የመረመሩት ኦዲተር ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። ታሪኩን ስነግራቸው ሳቁ። እኔ ግን ታሪኩ በደረሰብን ጊዜ አልሳቅኩም። ዛሬ የምነግራችሁ በሁለቱ ሰነዶች መካከል ያለውን ስምንት ወር ነው።

ጦስኝን የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው የለም። ከሩቅ ለመጡ እንግዶቻችን ግን ትንሽ ልበል። ጦስኝ የደጋ ተክል ነው። ቁመቱ ከስንዝር ብዙም አያልፍም፤ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይሰፋል። ቅጠሉ ትንሽ፣ አበባው ሐምራዊ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው፤ ሲያብብ ንቦች አይለዩትም። ዘመዶቹን ሁላችሁም በጓሯችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል ከእሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ሻይ ውስጥ ይገባል፤ ሽሮና በርበሬ ይቀመምበታል፤ ሳል የያዘው ሰው ይጠጣዋል። ያ ደስ የሚለው ሽታ የሚመጣው ቅጠሉ ውስጥ ካለ ዘይት ነው፤ በዘይቱ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት።

በአገራችን የታወቁት ጦስኞች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ተክል ሲሰበስብ ኖሮ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ካረፈው ጀርመናዊ ከዊልሄልም ሺምፐር ነው። ሁለተኛው ቲመስ ሴሩላተስ ሲሆን ወደ ሰሜኑ ተራሮች በኩል ይገኛል። ሁለቱም ከፍታ ይወዳሉ፤ ገደል አፋፍ ላይ፣ ድንጋይ በበዛበት፣ አፈሩ ስስ በሆነ ቦታ ይበቅላሉ። ይቺን «ድንጋይ በበዛበት» ያልኳትን ነገር ያዙልኝ። እኔ በ2009 ዓ.ም. ብይዛት ኖሮ የማህበሩ ገንዘብ ባልባከነ ነበር።

ማህበራችን ለጓሮ አትክልት ሥራ ድጋፍ ሲያገኝ፣ አባላት ተሰብስበን ምን እንትከል ተባባልን። ጎመንና ካሮት ሁሉም ይተክላል። ጦስኝ ግን ገበያ አለው፤ የሚመጣውም ከተራራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እኛ ብንተክለው ብለን ወሰንን። ከቢሯችን ጀርባ ያለው ቦታ እንደምታውቁት ከፊሉ ዳገት፣ ከፊሉ ሜዳ ነው። ዳገቱ ድንጋይ ነው። ሜዳው ጥቁር አፈር ቢሆንም እሱም ድንጋይ አላጣውም። እኛ ሜዳውን መረጥን። ድንጋዩን አስለቅመን ዳር ላይ አስከመርን። መሬቱን ቆፈርን፣ ፍግ ገዝተን በተንን፣ መደብ አወጣን። መደቡ ሲያልቅ እንዴት ያምር ነበር! ልክ በሥልጠና ላይ በሥዕል የምናየውን ይመስል ነበር። ፎቶግራፍ አንስተን ለደጋፊዎቻችን ላክን።

ሰኔ ላይ 400 ግንጣይ ተከልን። እነዚህ 400ዎቹ ከተራራ ከነሥራቸው ተነቅለው የመጡ ናቸው፤ ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለስበታለሁ። ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣን። ከአባሎቻችን መካከል ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው እናት አንድ ቀን መጡና መደቡን ዞረው አዩ። እማማ ያደጉት ወደ ጣርማበር በኩል ነው፤ ጦስኝ ለቅመው የኖሩ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጆቼ፣ ይሄን ነገር አታጥግቡት፤ ጦስኝ ሲጠግብ ይሞታል» አሉ። እኛም «እሺ እማማ» አልናቸው። አክብረን «እሺ» አልን እንጂ አልሰማናቸውም። እኔ በልቤ «ፍግና ውሃ ያገኘ ተክል እንዴት ይሞታል?» ብያለሁ። በሰኔው የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይም «400 ችግኞች ተተክለው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። ጥቁሩ አፈር ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠግብ ላዩ ላይ አቆረው። ጦስኙ መጀመሪያ ለመለመ፣ ረዘመ፣ ለሰለሰ። ቀጥሎ ከሥሩ በኩል ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንዱን ስስበው ያለ ምንም ትግል በእጄ ወጣ፤ ሥሩ ጠቁሮ በስብሶ ነበር። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ቆጠርን። ከ400ው የተረፈው 37 ነበር።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ቀጣዩን ሪፖርት ልጽፍ ስቀመጥ እጄ እምቢ አለኝ። በሰኔ «በመልካም ሁኔታ ላይ» ያልኩትን በመስከረም «ሞቱ» ማለት ከበደኝ። ወጪውን «ለአባላት የተግባር ሥልጠና» በሚል ርዕስ ስር ብመዘግበው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እውነትም ተምረንበታል፤ ውሸት አይመስልም። ሂሳብ የሠራ ሰው ያውቃል፤ ቁጥር ሳይነካ ርዕስ ብቻ በመቀየር ብዙ ነገር ይደበቃል። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ጠዋት ለሰብሳቢያችን ነገርኳቸው። እሳቸውም «የእድርን ገንዘብ ብታጠፊ ለሐዘንተኛው ምን ትይው ነበር? ያንኑ ጻፊ» አሉኝ። «363 ችግኞች በውሃ ብዛት ጠፍተዋል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ያንን ደብዳቤ አንብባችኋል። ያኔ «ቀጥሉ» ብላችሁ ስለመለሳችሁልን ዛሬ በሁላችንም ፊት አመሰግናችኋለሁ።

አሁን ወደ 37ቱ ልመለስ። ለምን ተረፉ? ስንቆጥር ነው ያየነው። ሁሉም ከሞላ ጎደል በአንድ ረድፍ ላይ ነበሩ፤ ያ ረድፍ ደግሞ የለቀምነውን ድንጋይ የከመርንበት ዳር ነበር። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከመደቡ ወጥተው ክምሩ ውስጥ፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ሥር ሰደው ተነጥፈው ነበር። ፍግ ያልደረሰበት፣ ውሃ የማይቆምበት ቦታ ላይ ማለት ነው። እማማን ጠራናቸው። አይተው አልፈረዱብንም። «በሉ ድንጋዩን መልሱለት» ብቻ አሉ። ሁለተኛው የወጪ ሰነድ የመጣው እንዲህ ነው።

አሁን እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ፤ በቤታችሁ መሞከር የምትፈልጉ ብዙ ናችሁና።

አንደኛ፣ ቦታ። ሜዳውን ትተን ዳገቱን ያዝን። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘውን፣ ዛፍም ግንብም የማይጋርደውን ጎን መረጥን። ዳገቱን በሦስት እርከን ከፍለን ደረቅ ካብ ካብን። ሲሚንቶ አልገባበትም፤ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል እንዲወጣ ነው የሚፈለገው። ትልልቆቹን ድንጋዮች ሲሦ ያህላቸውን መሬት ውስጥ ቀበርናቸው፣ ሲረገጡ እንዳይነቃነቁ። ወደ ውስጥ ትንሽ አጋደልናቸው፣ ዝናቡ ወደ ሥሩ እንዲገባ።

ሁለተኛ፣ አፈር። ከእርከኑ ግርጌ ገረጋንቲ አንድ ስንዝር ያህል ጨመርን። ከላይ የሞላነው ድብልቅ አንድ እጅ የቦታው አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ነው። ፍግ የለበትም። ማዳበሪያ የለበትም። ይሄ ለእኛ ከባድ ነበር፤ ባዶ እጅ እንግዳ መቀበል ይመስላል። ነገር ግን ጦስኝ በጠገበ አፈር ላይ ሲበቅል ቶሎ ይረዝማል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይቀንሳል፤ ብርድ ሲመጣም አይችልም። በሰፈሩ እንደለመደው ትንሽ ሲራብ ጠንካራ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ግንጣይ። ጦስኝ ሲነጠፍ ቅርንጫፉ መሬት በነካበት ቦታ ሁሉ ሥር ያወጣል። 37ቱን እናቶች አድርገን ከዳርዳራቸው ሥር ያለውን ቅርንጫፍ ገነጠልን፤ 110 ያህል አገኘን። የቀረውን 190 ያገኘነው በቁራጭ ነው። አበባ የሌለውን ለጋ ጫፍ በጣት ርዝመት በመቀስ ቆርጠን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ተከልን። ጊዜው ጥር ስለነበር ማታ ማታ ላስቲክ እናለብሰው ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀስ ብለን ስንስበው ያዘን፤ ሥር ሰዷል ማለት ነው። ከተራራ የመጣውም ቁራጭ በመቀስ የተቆረጠ እንጂ የተነቀለ አልነበረም።

አራተኛ፣ ጊዜ። በመጀመሪያው ሰኔ ላይ መትከላችን ራሱ ስህተት ነበር፤ ሥር ሳይሰድ ክረምት ደረሰበት። በሁለተኛው መጋቢት ላይ ተከልን። ውርጩ አልፏል፤ ክረምቱ ገና ነው፤ በመካከል ሥር የሚሰድበት ሦስት ወር አለው። በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ስንዝር ተውን። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ አጠጣን፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ጣት ሲያስገቡበት እስኪደርቅ እየጠበቅን አጠጣን።

አምስተኛ፣ ጠጠር ማልበስ። ከተከልን በኋላ በእያንዳንዱ ግንጣይ ዙሪያ፣ ከቅጠሉ ስር ሳይቀር፣ የሁለት ጣት ውፍረት ያለው ጠጠር አለበስን። ይሄ ጠጠር ብዙ ሥራ ይሠራል። ቅጠሉ እርጥብ አፈር ላይ እንዳይተኛ ያደርገዋል። ዝናብ ሲወርድ ጭቃ አይረጭበትም። አረም ይቀንሳል። በበጋ ከስሩ ያለው እርጥበት ቶሎ አይተንም። ትልልቆቹ ድንጋዮች ደግሞ ቀን ፀሐይ ጠጥተው ማታ ሙቀቱን ቀስ ብለው ይመልሱታል። የእኛ አገር ደጋ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ቀትር ላይ ይቃጠላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ዝቅ ብሎ መሬቱን ያቀፈ ተክል ንፋሱ ከላዩ ያልፈዋል፤ ድንጋዩም ያሞቀዋል። እኛ ለቅመን የጣልነው ድንጋይ ለእሱ ቤቱ ነበር።

ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የተከልነው 300 ነበር። ከክረምቱ በኋላ ስንቆጥር 21 ጠፍተዋል፤ ሁሉም የቢሯችን ጣሪያ ውሃ የሚፈስበት ጥግ ላይ ነበሩ። ቦይ ቀደድንለት። ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ሌላ 17 ጠፍተዋል፤ እነዚህ ደግሞ የመጨረሻው እርከን ግርጌ ላይ የነበሩ ናቸው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስና ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፤ ስለዚህ ግርጌው ከአናቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እዚያ ቦታ ላይ ከእንግዲህ አንተክልም። የቀሩት 262ቱ ዛሬም አሉ። በሚያዝያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረጥን። የቆረጥነው ከላይ ሲሦውን ብቻ ነው፣ አበባ ሊፈነዳ ሲል። ወደ ታች ወርዶ ቅጠል የሌለውን እንጨቱን መቁረጥ አይገባም፤ እንጨቱ ከተቆረጠ መልሶ ላያቆጠቁጥ ይችላል። የቆረጥነውን በሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አደረቅን። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሽታው አብሮ ይሄዳል።

ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ ዳገት የሌላችሁ እህቶች፣ አትዘኑ። ታቹ የተበሳ አሮጌ ሳፋ ይበቃል። ከታች ጠጠር፣ መካከል ያልኳችሁ ድብልቅ፣ ከላይ እንደገና ጠጠር። ሳፋውን ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፣ ውሃው እንዲወጣ። በክረምት ከጣሪያ ስር አስጠጉት። ከሦስት ወይም አራት ዓመት በኋላ መካከሉ እንጨት ሆኖ ይራቆታል፤ ያኔ ከዳሩ ገንጥላችሁ እንደ አዲስ ትተክላላችሁ።

ትርፍ አለው ወይ ትሉኛላችሁ። እስካሁን የለውም። ሁለቱን የድንጋይ ወጪዎች፣ የፍጉን፣ የካቡንና የገረጋንቲውን ስደምር የሚያዝያው ሽያጭ አልሸፈነውም። በዚሁ ከቀጠለ ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ያልገባ ገንዘብ ገባ ብዬ አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጦስኛችንን የወሰዱት ነጋዴ ወደውታል። «ንጹሕ ነው፤ አፈርና ሥር የለበትም» ብለዋል። ለመጪው ዓመት እኛ ከምናመርተው ብዙ እጥፍ ይፈልጋሉ። ከመካከላችን አንዳንድ እህቶች «የጎደለውን ከተራራ ለቅመን እንሙላው» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ይሄ ነው። እኔ የምቃወም መሆኔን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለምን እንደምቃወም ግን በትክክል እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «ሂሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ አላት፤ የእኛ ችግር አይገባትም» ተብሏል አሉ።

እናቴ ጦስኝ ለቃሚ ነበረች። አባቴ ካረፈ በኋላ አራት ልጆች ያሳደገችው ጦስኝ እየነቀለች፣ እያደረቀች፣ በነዶ እያሰረች ገበያ አውርዳ በመሸጥ ነው። የምትነቅለው ከነሥሩ ነበር፤ ከነሥሩ ሲታሰር ነዶው ይወፍራል፤ ገዢ ደግሞ የሚያየው ውፍረቱን ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ከእሷ ጋር ስሄድ ከቤታችን ወጥተን ብዙም ሳንርቅ እግራችን ስር እናገኘው ነበር። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ግማሽ ቀን መሄድ ነበረብን። ኮሌጅ ስገባ እናቴ አዳሯን እዚያው ማድረግ ጀመረች። አንድ ቀን እግሯን በሙቅ ውሃና በጨው እየነከርኩላት ሳለ «ጦስኙ ሸሸን» አለችኝ። እኔ ያኔ የመጀመሪያ ዓመት ሂሳብ እየተማርኩ ነበር። ጦስኙ እንዳልሸሸ አውቃለሁ። በየዓመቱ ዋናውን እያወጣን ነበር የበላነው። ይሄን ግን ለእሷ አልነገርኳትም። በዚያ ዋና ተከፍሎ የተገኘው አንደኛው ነገር የእኔ ዲፕሎማ ነው። እዚህ የቆምኩት በዚያ ዲፕሎማ ነው። ስለዚህ ተራራ ወጥታ የምትነቅል እናት ላይ ጣቴን አልቀስርም። ልቀስር ብል መጀመሪያ የሚመለሰው ወደ እኔ ነው።

የምለው ሌላ ነው። የማህበራችንን ተዘዋዋሪ ብድር አስቡት። ከወለዱ ለሐዘንተኛ እንረዳለን፣ ደብተር እንገዛለን። ከዋናው ግን ሰብሳቢያችንም ብትሆን አትነካም። ለምን? ዋናው ከተነካ በሚቀጥለው ዓመት የምትቸገረው እህት የምትበደረው አይኖርምና። ጦስኝም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ወለድ ነው፤ ሥሩ ዋና ነው። በመቀስ የቆረጥሽው በሚቀጥለው ዓመት ይጠብቅሻል። የነቀልሽው ቦታ ላይ ዝናቡ ያንኑ ስስ አፈር ጠርጎ ይወስደዋል፤ ከዚያ ለልጅሽ የሚቀራት ዓለት ነው።

ይሄ የፈረንጅ ትምህርት አይደለም። እዚሁ በመንዝ የጓሳ መሬት ለዘመናት የተጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነው። አባቶች ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር፤ ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣ ነበር። የዛሬው ሐሳቤ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ለጉባኤው የማቀርበው ይሄን ነው። አንደኛ፣ በማህበሩ ስም የሚሸጥ ጦስኝ ሁሉ በመቀስ ወይም በማጭድ የተቆረጠ፣ ሥር የሌለው ይሁን፤ ሥር ያለበት ነዶ ወደ መጋዘናችን አይግባ። ሁለተኛ፣ ከ262ቱ እናቶች በመጪው መጋቢት ግንጣይ አውጥተን ለሚፈልጉ አባላት እያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ እንስጥ፤ በቅድሚያ ደግሞ ዛሬ ኑሯቸው በተራራው ጦስኝ ላይ ለሆነ እህቶች። ሦስተኛ፣ ከተራራ በትክክል ቆርጣ ለምታመጣ እህት ከነጋዴው በምናገኘው ዋጋ ላይ ማህበሩ የራሱን ድርሻ ሳይቀንስ ይክፈላት፤ ሥሩን የተወችው ክብደት ኪሳራዋ እንዳይሆን። አራተኛ፣ ለነጋዴው «ዘንድሮ ያለን ይሄ ነው» ብለን በግልጽ እንጻፍላቸው። ትዕዛዙን ልናጣው እንችላለን። ይሄን አልደብቃችሁም። ቢቀርብን የሚጎድለውን ገንዘብ በየአባሉ አስልቼ በወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ ይታደላል። አይታችሁ፣ ተማክራችሁ ወስኑ። የምትወስኑትን እመዘግባለሁ።

እማማ ዛሬ እግራቸውን አሟቸው አልመጡም። ትናንት ማታ ሄጄ ይሄን ንግግር አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ስለ ድንጋዩ አሳጥሪው፣ ስለ መቀሱ አስረዝሚው» አሉ። ይቅር ይበሉኝ፣ አሁንም በደንብ አልሰማኋቸውም መሰለኝ።

መደቡን ማየት የምትፈልጉ ከቢሮው ጀርባ ነው። ስትወጡ ካቡን ይዛችሁ ውጡ፤ ጠጠሩ ያንሸራትታል። ጦስኙን ግን ብትረግጡት አይቆጣም፤ ሽታው እስከ ምሳ አብሯችሁ ይቆያል።